ከሰማይ የሚወርድ ጦር፦ የአየር ወለድ ኃይላችን ተግባርና ታሪክ

ራስ ደስታ ዳምጠው በደቡብ ግንባር የመሩት ሠራዊት በ1928 ዓ.ም. ከጠላት አውሮፕላን በሚወርድ ቦምብና የመርዝ ጭስ ብዙ ተጎዳ። የተረፈው ወገን በየካቲት 1929 ዓ.ም. በቡታጅራ አካባቢ፣ ጎጌቲ በተባለው ስፍራ የመጨረሻውን ውጊያ ተዋጋ። ደጃዝማች ገብረ ማርያም በዚያው ወደቁ፤ ደጃዝማች በየነ መርዕድና ራስ ደስታም ተይዘው ተገደሉ። ስለዚህ በወልቂጤም ሆነ በቡታጅራ ለምንኖር አባላት፣ ሰማይን የያዘ ኃይል በምድር ላይ ባለው ሕዝብ ዕድል ምን ያህል እንደሚወስን ማስረጃው ከደጃችን የራቀ አይደለም።

ከነፃነት በኋላ አገሪቱ የራሷን አየር ኃይል በደብረ ዘይት ስታደራጅ፣ ስዊድናዊው ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን በመሪነት አገልግለዋል። በ1950ዎቹም በዚያችው ከተማ የአየር ወለድ ጦር ተቋቁሞ የእስራኤል መኰንኖች በሥልጠናው ተካፈሉ። አየር ወለድ በስሙ የአየር ይባል እንጂ በአደረጃጀቱ የምድር ጦር ክፍል ነበር። አውሮፕላኑንና አብራሪውን የሚያቀርበው አየር ኃይል ሲሆን፣ በጃንጥላ ወርዶ የሚዋጋው ግን እግረኛው ነው። ሁለቱ ካልተባበሩ አንዱም ተግባሩን ሊፈጽም አይችልም።

የዚህ ዓይነቱ ጦር ጥቅም ፍጥነቱ ነው፤ ድካሙም ከዚሁ ይመነጫል። ፈጥኖ የሚወርድ ወታደር ከባድ መሣሪያና ብዙ ስንቅ ሊይዝ አይችልም፤ ረዳት ጦር ካልደረሰለትም ተከቦ ያልቃል። ጀርመኖች በግንቦት 1933 ዓ.ም. የቀርጤስን ደሴት በአየር ወለድ ቢይዙም የደረሰባቸው ጉዳት እጅግ ከባድ ስለ ነበረ፣ ሂትለር ያን የመሰለ ታላቅ ዘመቻ ዳግመኛ አልሞከረም።

በእኛም አገር በሶማሊያ ወረራ ጊዜ ከሰማይ የመጣ ርዳታ የውጊያውን መልክ ለውጧል። የካራ ማርዳን በር ፊት ለፊት መስበር ብዙ ደም የሚያስከፍል በመሆኑ፣ ሶቪዬት ሠራሽ ሄሊኮፕተሮች ቀላል የብረት ለበስ ተሽከርካሪዎችን ከተራራው ማዶ አሳረፉ። ጠላት ከፊትና ከኋላ ተይዞ ጅጅጋ በየካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ነፃ ወጣች።

ይሁን እንጂ የአየር ወለድ ታሪክ በጦር ሜዳ ብቻ አይወሰንም። የሠፈረበት ደብረ ዘይት ለዋና ከተማው ቅርብ በመሆኑ፣ በፖለቲካው መናወጥ ጊዜ ሁሉ ሚዛኑን የሚደፋ ኃይል ሆኖ ተገኝቷል። በመጋቢት 1966 ዓ.ም. በአየር ኃይሉ ውስጥ ዐመፅ ተጠንስሷል ሲባል፣ የአየር ወለድ አዛዥ የነበሩት ኮሎኔል ዓለም ዘውድ ተሰማ ጦራቸውን አሰልፈው ሠፈሩን አስከበቡ። በአንድ አውሮፕላን ሊዘምቱ የሚገባቸው ጓዶች በአንድ ከተማ ውስጥ ተፋጠጡ። ሆኖም የኮሎኔሉ ኃይል አልዘለቀም፤ በዚያው ዓመት በሰኔ ወር ደርግ ሲቋቋም ጊዜው ለሌሎች ሆነ።

በግንቦት 8 ቀን 1981 ዓ.ም. የመንግሥት ግልበጣ ሲሞከርም፣ ጄኔራል ቁምላቸው ደጀኔ አየር ወለድ ወታደሮችን ይዘው ከአስመራ ወደ አዲስ አበባ በረሩ። ሙከራው ከሸፈ፤ የአየር ኃይሉ አዛዥ ሜጀር ጄኔራል አምሃ ደስታ ሕይወታቸው ካለፈው መኰንኖች መካከል ነበሩ። ለዓመታት የሠለጠኑና በውጊያ የተፈተኑ መሪዎች በአንድ ጊዜ ሲጠፉ የተጎዳው ሠራዊቱ ነው፤ ከሁሉ ይልቅ ግን አገር ነው።

ከዚህ ታሪክ የምናገኘው ትምህርት፣ ልዩ ኃይል የሚመዘነው በመዝለልና በመተኮስ ችሎታው ብቻ አለመሆኑን ነው። ለማን ይታዘዛል? ትእዛዙስ በየትኛው ሕግ ይገታል? የሚለው ጥያቄ ከጃንጥላው አስቀድሞ መልስ ማግኘት አለበት። በጎጌቲ የወደቁት አርበኞች የጎደላቸው ወኔ ሳይሆን ከበላያቸው የሚጠብቃቸው ክንፍ ነበር። ያ ክንፍ በኋላ ተገኘ። የሚቀረው፣ ክንፉ ሕዝቡን ከላይ ሆኖ እንዲጋርድ እንጂ ወደ ገዛ ወንድሙ እንዳይዞር ማድረግ ነው።