ደጅ ጥናት ፋይል አይተውም

የአርበኝነት ሜዳይ ሪባኑ ላይ ትንንሽ ዘንባባ ይደረደርበታል። ባለ አምስት ዘንባባ ማለት ባለቤቱ የጠላትን ዘመን ከዳር እስከ ዳር በዱር በገደል አሳልፏል ማለት ነው። ዘንባባው ዓመት ይቆጥራል እንጂ ሌላ ነገር አይናገርም። ሰውየው የትኛው ሸንተረር ላይ እንደተዋጋ፣ ጠመንጃውን ከማን እንደማረከ፣ አለቃው ማን እንደነበር፣ በክረምት ስንቁን ማን እንዳደረሰለት ከሜዳዩ አይገኝም። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ስለነበረው የጎጃም ተጋድሎ ስናነብ ደጃዝማች በላይ ዘለቀን፣ ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬን፣ ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህን እናገኛለን፤ ከጎጃሟ ቁይና ከአካባቢዋ ገበሬ ግን ስሙ የተመዘገበለት ጥቂት ነው። ጉድለቱን ብዙ ሰው የመሃይምነት ውጤት አድርጎ ያየዋል። እኔ ግን ምክንያቱ የሽልማቱ አሰጣጥ ነው እላለሁ። መንግሥት አርበኞቹን ሸለመ እንጂ አልጠየቀም።

መጠየቅ ምን እንደሚያስገኝ ለማየት አየርላንድን መመልከት ይበቃል። አይሪሾች ከእንግሊዝ ጋር ከተዋጉና ወዲያውም እርስ በርስ ከተጨራረሱ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1924 የወጣው የጡረታ ሕግ በእርስ በርሱ ጦርነት ለአሸናፊው ወገን ለተሰለፉት ብቻ ነበር። ሥልጣኑ ተሸናፊዎቹ እጅ ከገባ በኋላ በ1934 ሌላ ሕግ ወጣና በር ለእነሱም፣ በትግሉ ለተሰለፈው የሴቶች ማኅበር አባላትም ተከፈተ። አመልካቹ ቅጽ ይሞላል፣ ቀርቦም በመሐላ ይጠየቃል፦ በየትኛው ውጊያ ነበርክ? ማን አዘዘህ? አብሮህ ማን ነበር? የየአካባቢው የቀድሞ አዛዦችም የተኩስ አቁሙ በጀመረበት እ.ኤ.አ. በጁላይ 11፣ 1921 በሥራቸው የነበረውን ሰው ሁሉ በስም ዘርዝረው እንዲያስገቡ ተደረገ። ከ80,000 በላይ ሰው አመለከተ፤ አብዛኛው ተከለከለ። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚጣፍጠው። መልእክት ያመላለሰችው፣ ጠመንጃ በጭድ ውስጥ የደበቀው፣ የሸሸን ያሳደረው «ይህ ውጊያ አይባልም» ተብሎ ባዶ እጁን ቢመለስም ቃሉ ግን መዝገብ ቤት ቀረ። በ1916ቱ ፀረ እንግሊዝ አመጽ ተኩሳ ሦስት ቦታ የቆሰለችው ማርጋሬት ስኪኒደር በ1925 የቁስል ጡረታ ስትጠይቅ፣ ሕጉ «ወታደር» ያለው ወንዱን ነው ተብላ ተመለሰች፤ ያገኘችው በ1938 ነው። በደሉም ቢሆን በመንግሥት ደብዳቤ ሰፍሮ ይነበባል። እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ደግሞ መዛግብቱ ማንም እንዲያያቸው በየተራ እየተከፈቱ ነው።

በእኛ አገር ንጉሠ ነገሥቱ መጋቢት 28፣ 1933 ዓ.ም. ደብረ ማርቆስ፣ ሚያዝያ 27 አዲስ አበባ ከገቡ በኋላ ውለታ የሚከፈለው በማዕረግ፣ በሜዳይና በመሬት ነበር። ለአርበኛውም ለስደተኛውም ጋሻ መሬት፣ ማለትም 40 ሄክታር ገደማ፣ ይሰጥ ዘንድ ትእዛዝ ወጣ። የጎጃም መሬት ግን ርስት ነበር፤ ባለቤት ነበረው። መንግሥት እንደልቡ የሚያድለው መሬት በብዛት የነበረው ደቡብ ነው። ስለዚህ የጎጃም ገበሬ ድርሻውን ለማግኘት ዓባይን ተሻግሮ አዲስ አበባ ደጅ መጥናት፣ ከተሳካለትም ወደማያውቀው አገር መነቀል ነበረበት። ደጅ ጥናት ደግሞ አማላጅ እንጂ ምስክር አይፈልግም፤ የሚያልቀው በጌታ ፊት በሚባል ቃል ነው። ማመልከቻ አይጻፍም ነበር ለማለት አይደለም። ጸሐፊው ግን የሚጽፈው ጌታውን ያራራል ያለውን እንጂ መርማሪ የሚጠይቀውን አይደለም፤ ጠያቂ ሳይኖር ዝርዝር ከየት ይመጣል? በ1953 ዓ.ም. የጡረታ ድንጋጌ ሲወጣም የታሰበው ለመንግሥት ሠራተኛና ለደመወዝተኛው ወታደር ነው። በገዛ በሬውና በገዛ ጠመንጃው የዘመተ ሰው የደመወዝ መዝገብ አልነበረውም።

ገንዘብ ባለበት ውሸት አይጠፋም፤ ስለዚህ የጡረታ ፋይል እንዴት ይታመናል? የሚል ይኖራል። ልክ ነው፣ እኛም «የድል አጥቢያ አርበኛ» የሚል ስም ያወጣነው በከንቱ አይደለም። አይሪሾችም ተኩስ ከቆመ በኋላ ጠመንጃ ያነገተውን የሚሳለቁበት የራሳቸው ስም ነበራቸው። የስም ዝርዝሩ በጁላይ 11 ቀን የተቆረጠውም ለዚሁ ነው፤ አንዱ የተናገረው ከሌላው ቃልና ከአለቃው ዝርዝር ጋር ይመሳከራል። ሜዳይ ግን ከምን ጋር ይመሳከራል? ዘንባባ ከዘንባባ አይጋጭም። ሌላው ክርክር ቀረርቶና ፉከራ እያለ ወረቀት ምን ያደርጋል የሚለው ነው። ፉከራ የሚፎክረው ገዳዩ ነው። የውስጥ አርበኛ የተባለችው፣ ጣሊያን ሠፈር ጠጅ እየቀዳች ወሬ የምታወጣው ሴት፣ ከፎከረች ትሰቀላለች፤ ሥራዋ ዝምታ ነው። ጥይት ያሻገረው አህያ ነጂም መድረክ የለውም። ተመራማሪም የደረሰው ዘግይቶ ነው፤ ሰልጠነ ሥዩም በ1990ዎቹ (ዓ.ም.) መጀመሪያ የጎጃምን ተጋድሎ የሚያጠና የዶክትሬት ሥራ ያቀረቡት፣ ከድል ስድሳ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ነው። በዚያ ጊዜ በ1928 ዓ.ም. ሠላሳ ዓመት የሞላው ሰው በሕይወት ካለ ዘጠና አልፎታል።

ከሁሉም የሚከብደው ሦስተኛው ነው፤ ጎጃሜ እሺ ብሎ ይመዘገብ ነበር ወይ? ከቁይ ጎረቤት፣ በብቸና ምድር፣ ጣሊያንን ያስጨነቁት በላይ ዘለቀ በ1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በስቅላት ተቀጥተዋል። ያን ያየ ሰው «በማን ሥር ነበርክ?» ቢባል የበላይን ስም ለጸሐፊ ያስመዘግባል? የጎጃም ገዥ የነበሩት የደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ አስተዳደር የጦር መሣሪያ ሲመዘግብ፣ በ1960 ዓ.ም. ደግሞ የእርሻ ገቢ ግብር ሲመጣ፣ ወረቀት ማለት የቀላድ፣ የመሬት ልኬት፣ መንገድ ጠራጊ ነው ብሎ የሸፈተውም ይኸው ገበሬ ነው። ክርክሩ ይገባኛል፣ ግማሹንም እቀበላለሁ። ግን አየርላንድም እ.ኤ.አ. በ1924 የተሸነፈውን ወገን አልጠየቀችም፤ የጠየቀችው በ1934፣ ወንበሩ ከተገለባበጠ በኋላ ነው። እኛም ዘንድ ወንበሩ በ1967 ዓ.ም. ተገለበጠ። ደርግ ጋሻ መሬቱን ከባላባቱ ርስት ጋር አብሮ ወረሰ፣ የገበሬ ማኅበር አቋቁሞ የእያንዳንዱን ቤት አባወራ በስም መዘገበ። በ1928 ዓ.ም. ሃያ ዓመቱ የነበረ አርበኛ ያኔ ገና ስድሳ አልሞላውም። መዝጋቢውም ሰፈሩ መጥቶ ነበር፤ የጻፈው ግን የቤተሰቡን ብዛትና የማሳውን ስፋት ነው።