ኬላውን የተሻገሩ እግሮች

ባለፈው በጋ አንድ ቅዳሜ ማለዳ ከቤተ ክርስቲያናችን ወጣቶች ጋር ከሶዶ ከተማ ተነሥተን በብስክሌት ወደ ዳሞታ ተራራ ወጣን። ብስክሌቶቹ ግማሾቹ የኪራይ፣ ግማሾቹ የውሰት ነበሩ። ብስክሌት ለአገራችን እንግዳ አይደለም፤ ኢትዮጵያ በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ስትካፈል ከሯጮቿ ጋር ብስክሌተኞችም ነበሯት። ዳሞታ ግን ከሜዳ ውድድር ይለያል። አስፋልቱ እስካለ ድረስ ሁላችንም ጀግኖች ነበርን። ኮረኮንቹ ሲጀምር ዝም አልን፤ ዳገቱ ሲጠና ወርደን ገፋን፤ ከባሕር ዛፉ በላይ ባለው ጠባብ መንገድ ላይ ደግሞ ተሸከምናቸው። ከልጆቹ አንዱ፣ «መምህር፣ ዛሬ ሳይክሉ ነው እኛን የነዳን» ብሎ አሳቀን።

በተራራው ደቡብ ምዕራብ ጎን ያለውን የሞቼና ቦራጎ ዋሻ አየን። የቅርስ ተመራማሪዎች በቁፋሮ እንዳረጋገጡት ሰው በዚህ ዋሻ ውስጥ ከ50,000 ዓመት በፊት ጀምሮ እሳት አንድዷል፣ የድንጋይ መሣሪያ ሠርቷል። ከዚያ ጥቂት ወጣ ብለን ተቀመጥን። ደቡቡ ሁሉ ከእግራችን ሥር ተዘርግቶ ነበር፤ በስተ ደቡብ ምሥራቅ የአባያ ሐይቅ፣ በስተ ደቡብ የሁምቦ ኮረብቶችና ከነርሱ ወዲያ የጋሞ ደጋ፣ በስተ ምዕራብ የኦሞ ሸለቆና ከሸለቆው ማዶ የዳውሮ ተራሮች። ያ ሲያስቀን የነበረው ልጅ ላቡን እየጠረገ፣ «አባቶቻችን ወንጌል ይዘው ይህን ሁሉ የሄዱት በእግራቸው ነው?» ሲል ጠየቀ። እዚያው በአጭሩ መለስኩለት። ጥያቄው ግን ሰፋ ያለ መልስ ይገባዋል።

በአማርኛ ሰው ተራራ የሚያቋርጥበትን ቦታ «በር» እንለዋለን፤ ጣርማ በር እንደሚባለው። በር ደግሞ ይከፈታል፣ ይዘጋል። አባቶቻችን በኖሩበት ዘመን የእኛ አካባቢ በሮች በአብዛኛው የሚጠበቁ ነበሩ። «ካዎ» የሚባሉት የወላይታ ነገሥታት ግዛታቸውን በቦይና በካብ ያጥሩ ነበር፤ በካዎ አማዶ ስም የሚጠራው አማዶ ኬላ ምልክቱ እስከ ዛሬ አለ። ከኦሞ ማዶ ደግሞ የዳውሮው ንጉሥ ሃላላ ያለ ጭቃ፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ እየተደረበ የተሠራውን ረጅም ካብ ትቶልናል። ዛሬ ብዙዎቻችሁ ሃላላ ኬላን የምታውቁት በመዝናኛ ስፍራው ስም ነው። በጊዜው ግን የተሠራው ለመዝናኛ አልነበረም። ጎረቤት እንዳይገባ ነበር፤ ከእነዚያ ጎረቤቶች አንዱ ደግሞ ወላይታ ነው። እኛም አጥረን ነበር፣ እነርሱም አጥረው ነበር። በመካከል ጦርነት፣ ዘረፋና ሰው ፈንግሎ መሸጥ ነበር።

በ1887 ዓ.ም. የዳግማዊ ምኒልክ ጦር ወላይታን ወጋ። ካዎ ጦና ቆስለው ተማረኩ፤ ብዙ ሕዝብ አለቀ። ኬላዎቹ አገሪቱን አላዳኗትም። ከዚያ በኋላ የመጣው ትውልድ በገባርነትና በፍርሃት ውስጥ ኖረ።

በ1910ዎቹ ኢሳ ላሌ የሚባል ሰው ከጋሞ ተነሥቶ በእግሩ ከአገር አገር ይዞር ጀመር። ሰዎች ጣዖትንና ጠንቋይን ትተው ወደ ጦሳ፣ ማለትም ወደ ሰማይ አምላክ ብቻ እጃቸውን ዘርግተው እንዲጸልዩ ያስተምር ነበር። በወላይታም ብዙዎች ሰሙት። ባለ ሥልጣናት አሰሩት፤ ቃሉ ግን በሰው ልብ ቀረ።

በ1920 ዓ.ም. ዶክተር ቶማስ ላምቢና የኤስ.አይ.ኤም. ባልደረቦቻቸው በበቅሎ ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ ወረዱ። መጀመሪያ ያሰቡት ወደ ጅማ ነበር፤ መንገዱ ግን ወደ ከምባታ፣ ወደ ሲዳሞና ወደ ወላይታ ወሰዳቸው። ሶዶ አጠገብ ኦቶና ላይ ሰፈሩ። ፍሬው አዝጋሚ ነበር፤ የመጀመሪያዎቹ አሥር አማኞች የተጠመቁት በታኅሣሥ 1926 ዓ.ም. ነው። ሚስዮናውያኑ በጣሊያን ወረራ ምክንያት ሚያዝያ 9 ቀን 1929 ዓ.ም. ሶዶን ለቀው ሲወጡ በወላይታ የተጠመቁት 48 ብቻ ነበሩ። በእጃቸው የነበረው ጥቂት የቅዱሳት መጻሕፍት ክፍል ነው። ከመካከላቸው ማንበብ የሚችል ጥቂት ነው።

የሆነውን ታውቃላችሁ፤ ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማው ኖረናል። ዋንዳሮ ዳባሮ በአደባባይ ተገረፈ፣ ታሰረም። ቶሮ ዱቡሾና ሌሎችም ታሰሩ። የጸሎት ቤቶች ፈረሱ። ሚስዮናውያኑ ከስድስት ዓመት ገደማ በኋላ ሲመለሱ ግን አማኙ ወደ 10,000 ደርሶ ነበር። ሬይመንድ ዴቪስ ይህን ታሪክ በመጽሐፍ ሲጽፍ ርእሱን ከተራሮችና ከእሳት የወሰደው ያለ ምክንያት አይደለም።

እኔ ግን ዛሬ ከቁጥሩ ይልቅ ስለ አቅጣጫው ልናገር። እነዚያ ሰዎች መከራቸውን ችለው በየቀበሌያቸው ቢቀመጡ ማንም አይወቅሳቸውም ነበር። እነርሱ ግን ከ1930ዎቹ ጀምሮ ወደ ጋሞ፣ ወደ ጎፋ፣ ወደ ዳውሮ፣ ኋላም እስከ ኦሞ ቆላ ድረስ ሄዱ። የሄዱት አያቶቻቸው ጦር ወደ ሰበቁባቸው፣ ኬላ ወዳጠሩባቸው ጎረቤቶች ነው። መሐይ ጮራሞን የመሰሉ ወንጌላውያን ዕድሜያቸውን በእነዚያ ተራሮች ጨርሰዋል።

መንገዱ ቀላል አልነበረም። ወደ ኦሞ ሲወርዱ ወባ ነበረ፤ የቆላ ዝንብ ገንዲ ስለሚያመጣ በቅሎና ፈረስ አይዘልቅም። ስለዚህ በእግር ነው። በስለው የሚበሉትን በጀርባቸው አዝለው ይሄዱ ነበር። የሚደግፋቸው ራሱ ከእጅ ወደ አፍ የሚኖር ምእመን ነበር። ሚስቶቻቸው ወይ አብረው ተንከራተዋል፣ ወይ ልጅ ታቅፈው ማሳውን ብቻቸውን ጠብቀዋል፤ የእነርሱን ስም ግን ብዙ ጊዜ አናነሣም።

የረዳቸው አንድ ነገር ቋንቋ ነው። የወላይታ፣ የጋሞ፣ የጎፋና የዳውሮ ቋንቋዎች የቅርብ ዘመዳሞች ናቸው፤ ሰው በአንዱ ሲናገር ሌላው ጭብጡን ይይዛል። ይህ ዝምድና ግን ድሮም ነበረ፤ ጦርነቱን አላስቀረም። ኬላውን ያሻገራቸው ሌላ ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ ለኤፌሶን ሰዎች ስለ ፈረሰው የጥል ግድግዳ ጽፏል። እነዚህ አባቶች ያን መልእክት በጥልቀት የሚተነትን ሐተታ አልነበራቸውም። ሄደው ማዶ ተቀመጡ፤ የማዶውን ሰው ወንድም አሉት።

ከተቀመጥንበት ሆነን ያየናቸው የሁምቦ ኮረብቶችም ሌላ ትምህርት አላቸው። ለብዙ ዓመታት ተመንጥረው ራቁታቸውን ቀርተው ነበር። ከ1999 ዓ.ም. ወዲህ የአካባቢው ገበሬዎች ከወርልድ ቪዥን ጋር ሆነው 2,728 ሄክታር መሬት ከልለው ጠበቁ። አብዛኛው ዛፍ አዲስ የተተከለ አይደለም፤ ከብትና መጥረቢያ ሲከለከል ከመሬት በታች በሕይወት ከነበረው ጉቶ ያቆጠቆጠ ነው። የ1929ኙን 48 ሰው ሳስብ ያ ጉቶ ትዝ ይለኛል። ከላይ ለሚያየው ያለቀ ይመስል ነበር።

ዛሬ ከሶዶ በበሌ በኩል ዳውሮ ለመድረስ መኪና አለ፤ ኦሞን የምንሻገረው በድልድይ ነው። መንገዱ አጥሯል። በመካከላችን ያለው ርቀት ግን አጥሯል ለማለት እቸገራለሁ። በገበያና በትምህርት ቤት አንዳችን የሌላውን ብሔር ስንጠራ ድምፃችን እንዴት እንደሚለወጥ እናውቃለን። ከመካከላችሁ ብዙዎች መንገድ ሲባል የሚታያችሁ ወደ ደቡብ አፍሪካ ወይም ወደ ዓረብ አገር የሚወስደው እንደ ሆነም አውቃለሁ። ሥራ ያጣ ሰው ቢሄድ አልፈርድበትም፤ እኔም ወንድሞች አሉኝ። የማሳስበው ሩቁን አገር ከጎረቤታችን ይልቅ እያወቅነው መምጣታችንን ነው።

ስንመለስ ቁልቁለቱ በግማሽ ሰዓት ወደ ከተማ አደረሰን፤ ፍሬናችን እየጮኸ፣ እኛም እየጮኽን። ማታ ላይ ያንን ልጅ ጠርቼ የቤት ሥራ ሰጠሁት፤ ለእናንተም እሰጣለሁ። በየቤታችሁ፣ በየአጥቢያችሁ ከኦሞ ማዶ ያገለገሉ፣ ወይም አባታቸው ሄዶ እነርሱ በናፍቆት ያደጉ ሽማግሌዎችና እናቶች አሉ። ብዙዎቹ ስማቸው በመጽሐፍ የለም። ሂዱና ጠይቋቸው፤ በየት በኩል እንደ ወጡ፣ የት እንዳደሩ፣ ማን ውኃ እንደ ሰጣቸው ጻፉ። አንዳንዶቹን የሚቀጥለው ዓመት ላናገኛቸው እንችላለን።

እኛም በሚቀጥለው በጋ፣ ጌታ ቢፈቅድ፣ ወደ ኦሞ እንወርዳለን። ማዶ ያሉ የዳውሮ ወጣቶች ድልድዩ ላይ ሊቀበሉን ቃል ገብተዋል። ፍሬኑን ግን አስቀድመን እናሠራለን።