ባጃጅ፦ ሦስት እግር፣ ሦስት ተሳፋሪ

“ባጃጅ አደገኛ ነው ወይስ ምቹ?” የሚለው ጥያቄ ሲነሳ መልሱ ብዙ ጊዜ እንደ መላሹ አቅም ይለያያል። መኪና ያለው “አደገኛ ነው” ይላል፤ የሌለው “እግዜር ይስጠው” ይላል። በእኔ እምነት ሁለቱም እውነት አላቸው። ይሁን እንጂ አደጋው ከየት እንደሚመጣ ለይተን ካላወቅን የምናወጣው ደንብ ዒላማውን ይስታል።

ከየት መጣ?

ባለሦስት እግሩ ተሽከርካሪ የተወለደው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በጣሊያን ነው። ቬስፓን የነደፈው የአውሮፕላን መሐንዲስ ኮራዲኖ ዳስካኒዮ ለፒያጆ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1948 “አፔ”ን ሠራ። በጣሊያንኛ ቬስፓ ተርብ፣ አፔ ደግሞ ንብ ማለት ነው። የሕንዱ ባጃጅ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በፒያጆ ፈቃድ ያመርት ነበር። ዛሬ እኛ ዘንድ የሌላ ኩባንያ ምርት ቢሆንም ስሙ ያው ባጃጅ ነው።

ለምን ተወደደ?

ወርዱ 1.3 ሜትር ገደማ ነው፤ ሚኒባስ በማይገባበት ቅያስና ኮብልስቶን ይገባል፣ ጠባብ ቦታ ላይም ይዞራል። ሞተሩ 200 ሲሲ አካባቢ በመሆኑ ነዳጅ ይቆጥባል። ድሬዳዋ፣ ሐዋሳ፣ ባሕር ዳርና አዳማን የሚያውቅ ሰው የከተማ ኑሮ በባጃጅ ላይ ምን ያህል እንደተመሠረተ ያውቃል። ምጥ የያዛትን እናት በሌሊት ከደጃፏ የሚያነሳው ብዙ ጊዜ እሱ ነው።

አደጋው የት ላይ ነው?

መካኒክ ባልሆንም ነገሩ ለማንም የሚገባ ነው። በሦስት ጉልቻ ላይ የተጣደ ድስት አይወላውልም። ጉልቻ ግን አይታጠፍም፣ ፍሬንም አይዝም። ከባጃጁ የፊት ጎማ ወደ ሁለቱ የኋላ ጎማዎች መስመር ብናሰምር ሦስት ማዕዘን ይወጣል፤ የክብደቱ ማዕከል ወደ ጠባቡ ጫፍ፣ ማለትም ወደ ፊት፣ በቀረበ ቁጥር ለመገልበጥ ይቀልላል። ከሾፌሩ ጎን ትርፍ ሰው ሲጫን ክብደቱ ወደ ፊትና ወደ አንድ ወገን ይሄዳል። ኩርባ ላይ ድንገት ፍሬን ሲያዝም ክብደቱ ወደ ፊት ይገፋል። ሁለቱ ከተገናኙ ውጤቱን መገመት አይከብድም።

ሁለተኛው ምክንያት መንገዱ ነው። ባዶውን 400 ኪሎ የማይሞላ፣ ጎኑ ክፍት ወይም ሸራ የሆነ ተሽከርካሪ ከሲኖትራክ ጋር በአንድ ሰፊ አስፋልት ሲሮጥ፣ ግጭት ቢፈጠር ተሳፋሪውን የሚከልለው ነገር የለም። መንደር ውስጥ በዝግታ የሚሄደው ባጃጅና ዋና ጎዳና ላይ የሚከንፈው ባጃጅ በአደጋ ረገድ አንድ አይደሉም።

ሕጉ ምን ይላል?

የአሽከርካሪ ብቃት ማረጋገጫ ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 1074/2010 ባለሦስት እግርን ራሱን በቻለ ምድብ ያያል። የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799/2005 ደግሞ ያለ መድን ማሽከርከርን ይከለክላል። ከሁሉ በላይ ግን የሚረሳው የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2081 ነው። ተሽከርካሪው በእግረኛ ላይ ጉዳት ቢያደርስ፣ ያሽከረክር የነበረው ሌላ ሰው ቢሆንም ባለንብረቱ በመርህ ደረጃ ኃላፊ ነው። በስርቆት የተወሰደ ከሆነ ግን ነገሩ ይለያል። ተሳፋሪው በበኩሉ ከአጓጓዡ ጋር የማጓጓዝ ውል ስላለው መብቱ የሚታየው በንግድ ሕጉ ነው።

ይህ ለምን ይጠቅማል? ብዙ ሾፌሮች የሰው ባጃጅ ይዘው በየቀኑ ቁርጥ ገቢ ያስገባሉ። ገቢው ከፍ ሲል ሾፌሩ አንድም ይፈጥናል፣ አንድም አራተኛና አምስተኛ ሰው ይጭናል። ትራፊክ ፖሊስ ሾፌሩን ይቀጣል፤ ገቢውን የተመነው ባለንብረት ግን ቤቱ ተቀምጧል። ክስም ሆነ ቁጥጥር ወደ እሱ ካልደረሰ ለውጥ አይመጣም።

አዲስ አበባ በ2015 ዓ.ም. የካቲት መጨረሻ ላይ የባጃጅን አገልግሎት አግዳ፣ ብዙም ሳይቆይ በቅድመ ሁኔታ ፈቅዳለች። ከዚህ የምረዳው ጅምላ እገዳ እንደማያዛልቅ ነው፤ አማራጭ የሌለው ሕዝብ እየጠበቀው ነውና። የሚያዛልቀው ሦስት ነገር ነው፦ ሦስት ተሳፋሪ ብቻ፣ የመንደር መንገድ ብቻ፣ በኃላፊነት የሚጠየቅ ባለንብረት።

እስከዚያው ውድ አንባቢ፣ ከሾፌሩ ጎን አይቀመጡ፤ ሲሳፈሩም የሰሌዳ ቁጥሩን ያስተውሉ። ችግር ቢደርስ ባለንብረቱን የሚያገኙት በእሱ ነው።