ፋብሪካ የቀበረውን ቡራዩ አኖረው

የሰው ዕድሜ ከተወለደበት ቀን ጀምሮ ይቆጠራል። የጨዋታ ማሽን ዕድሜ የት ላይ እንደሚያበቃ ለማወቅ ግን አስቀድሞ ቆጣሪው ማን እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል። የጃፓኑ ሶኒ ኩባንያ «ፕሌይስቴሽን 2»ን በአገሩ ለገበያ ያቀረበው የካቲት 25 ቀን 1992 ዓ.ም. ነበር። ከ155 ሚሊዮን በላይ ከሸጠ በኋላ፣ በ2005 ዓ.ም. አጋማሽ (እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2013) ማምረት ማቆሙን አስታወቀ። በአምራቹ መዝገብ ማሽኑ አሥራ ሦስት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው ሞተ።

ቡራዩ፣ ሰበታና ሱሉልታ ግን መርዶውን አልሰሙም።

ሚሊኒየሙን በተቀበልንበት ዓመት ገደማ ቡራዩ ውስጥ እመላለስበት የነበረ አንድ ጌም ቤት ነበር። ግድግዳው ቆርቆሮ፣ መቀመጫው ረጅም አግዳሚ ወንበር ነው። ደንቡ አጭር ነበር፤ የተሸነፈ ከፍሎ ይነሣል፣ ያሸነፈ ተቀምጦ ቀጣዩን ይጠብቃል። መብራት ሲጠፋ የሚነሣው ጩኸት እስከ አስፋልት ይሰማል። ልጇን በጆሮው ይዛ የምታወጣ እናትም አትጠፋም፤ እውነት ለመናገር ብዙ ደብተር እዚያ አግዳሚ ላይ ሳይገለጥ ውሏል።

ቴሪ ሄንሪ በሰኔ 1999 ዓ.ም. ከአርሰናል ወደ ባርሴሎና ሄዷል። በዚያች ጥቁር ሣጥን ውስጥ ግን ከዚያ በኋላም ለዓመታት የአርሰናልን ማልያ ለብሶ ጎል ያገባ ነበር። አዲሱ እትም እስኪመጣ አሮጌው አይጣልም። ሌንሱ ሲደክም ይጠረጋል፤ እምቢ ካለ ይለወጣል። ከሁለት የተበላሹ ጆይስቲኮች አንድ ደህና ይወጣል። ሌንሱ ጨርሶ ዲስክ ማንበብ ሲያቅተው ደግሞ ጨዋታው በፍላሽ ተጭኖ ይነበባል። ዲስኮቹ በአብዛኛው የተቀዱ እንደነበሩና አምራቹ ከእነርሱ ሳንቲም እንዳላገኘ መደበቅ አይገባም። ያም ሆኖ ማሽኑን በሕይወት ያቆየው ይኸው የጠጋኝ እጅ ነው።

ጠጋኙ ብቻውን ግን አልበቃም። ማሽኑ ዕድሜ ያገኘው ጨዋታ ስላልነጠፈለትም ጭምር ነው። «ግራንድ ቴፍት አውቶ»ን እንመልከት። ከዚህ ተከታታይ ሦስት ታላላቅ ጨዋታዎች እ.ኤ.አ. በ2001፣ በ2002 እና በ2004 በዚሁ በአንድ ማሽን ላይ ወጡ። አምስተኛው እ.ኤ.አ. በ2013 ለ«ፕሌይስቴሽን 3» ወጣ፤ በ2014 ለአራተኛው፣ በ2022 ደግሞ ለአምስተኛው ማሽን እየታደሰ ቀረበ። ተከታዩ እስከ 2025 መጨረሻ ድረስ፣ ማለትም ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላም፣ ገበያ አልወጣም። ድሮ አንድ ማሽን ብዙ ጨዋታ ይቀብር ነበር፤ ዛሬ አንድ ጨዋታ ሦስት ማሽን አስረጅቷል።

ለመሆኑ ሥራው ለምን እንዲህ ዘገየ? እ.ኤ.አ. በ1982 አታሪ ለተባለው ኩባንያ የ«ኢ.ቲ.»ን ጨዋታ ሃዋርድ ስኮት ዋርሾ የተባለ ባለሙያ በአምስት ሳምንት ገደማ ሠርቶ አስረክቧል። ጥድፊያው ያስከተለው ውርደት የታወቀ ነው፤ ሳይሸጡ ከቀሩት ቅጂዎች ከፊሎቹ በ1983 ኒው ሜክሲኮ በረሃ ውስጥ ተቀበሩ፤ በ2014ም ተቆፍረው ወጡ። ዛሬ ደግሞ ለአንድ ታላቅ ጨዋታ በሺህ የሚቆጠር ሰው ይሰለፍለታል። የፊት መጨማደድ፣ የፈረስ ኮቴ ድምፅ፣ የዛፍ ጥላ ሁሉ ለየብቻው ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው «ሬድ ዴድ ሪደምፕሽን 2» ዓመታት የፈጀው በዚህ ምክንያት ነው።

ብዙ ዓመት የተለፋበት ነገር ብዙ ዓመት ይኖራል ብሎ መገመት ተገቢ ይመስላል። ነገሩ ግን ከዚህ የተለየ ሆኗል። ብዙዎቹ አዳዲስ ጨዋታዎች ከአምራቹ ኮምፒውተር ጋር በኢንተርኔት ካልተገናኙ አይነሡም። ዩቢሶፍት የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጣውን «ዘ ክሩ» የተባለ የመኪና ውድድር ጨዋታ ማርች 31 ቀን 2024 ዘጋው። ዲስኩን በገንዘቡ የገዛው ሰው ሳይቀር ከዚያ ቀን በኋላ ሊጫወትበት አልቻለም።

እንግዲህ ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ሶኒ ፋብሪካውን ሲዘጋ የቡራዩን ሣጥን አላጠፋም፤ ሊያጠፋም አይችልም ነበር፤ ሣጥኑም ዲስኩም በባለቤቱ እጅ ነበሩና። የማሽኑ ሁለተኛ ዕድሜ የተጀመረው አምራቹ በተወበት ቦታ ነው። ለእኛ ዓይነቱ፣ ዕቃ ዘግይቶ ለሚደርሰውና ረጅም ጊዜ ለሚያኖረው ሕዝብ፣ ይህ ሁለተኛ ዕድሜ ትርፍ ሳይሆን ዋናው ነው። ጨዋታው ባሕር ማዶ በተቀመጠ ኮምፒውተር ላይ ሲያድር ግን የሞቱ ቀን የሚቆረጠው እዚያው ነው። የቡራዩው ልጅ ሌንስ መጥረግ ያውቃል፤ ባሕር ማዶ የጠፋውን ኮምፒውተር ግን እጁ አይደርስበትም።