ከፊደል በኋላ ምን ይነበብ? የመጻሕፍት ምርጫና የአንባቢው ዓይነት በአማርኛ ንባብ ታሪክ

መግቢያ

ማንበብ የተማረ ሰው ሁሉ አንባቢ እንደማይሆን መምህራን ሁሉ ያውቁታል። ለዚህም ምክንያቱ ሲጠየቅ የተማሪው ትጋት ማነስ፣ የመምህሩ ችሎታ መጓደል ወይም የወላጆች ቸልተኝነት ይጠቀሳል። ፊደል ከተቈጠረ በኋላ በተማሪው እጅ የሚገባው መጽሐፍ ምን ዓይነት እንደሆነና ለማን ተብሎ እንደተመረጠ ግን እምብዛም አይጠየቅም።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ከጥቂት ዓመታት በፊት ዕጩ መምህራንን በልምምድ ላይ ለመከታተል ወደ አንድ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሄዶ ነበር። የቤተ መጻሕፍቱ መዝገብ ከሁለት ሺህ በላይ መጻሕፍት መኖራቸውን ያሳያል። መደርደሪያው ሲታይ ግን የሚበዛው አገልግሎታቸው ያበቃ የመማሪያ መጻሕፍት ቅጂ ሲሆን፣ የቀረው ከባሕር ማዶ በእርዳታ የመጣና ከተማሪዎቹ ደረጃ በላይ የሆነ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ነበር። አንዲት የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ገብታ «ተረት ያለበት መጽሐፍ» ጠየቀች። ኀላፊው ከፈለጉ በኋላ የክፍሏን የሳይንስ መጽሐፍ ሰጧት። ልጅቱም ሽፋኑን አየችና «ይህንማ ቤት አለኝ» ብላ መልሳላቸው ወጣች። መዝገቡ የመጻሕፍቱን ብዛት እንጂ የልጅቱን ጥያቄ የሚመዘግብበት ዓምድ አልነበረውም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ጉዳዩን ከታሪክ አንጻር መመርመር ነው። በአገራችን የአማርኛ ንባብ የሰፋባቸው ጊዜያት ለልዩ ልዩ አንባቢዎች ልዩ ልዩ መጻሕፍት የቀረቡባቸው ጊዜያት እንደሆኑ፣ የመጀመሪያው መጽሐፍ ብቻውን በቀረበበት ጊዜ ግን የተገኘው ውጤት ለመጽናት እንደተቸገረ ለማሳየት ይሞክራል።

1. በብራና ዘመን የነበረው የንባብ ሥርዓት

በቤተ ክህነት ትምህርት ሕፃኑ ፊደልን ከቈጠረ በኋላ ወደ ፊደለ ሐዋርያ፣ ከዚያም ወደ ወንጌለ ዮሐንስና ወደ ዳዊት ይሻገራል። ዳዊትን የደገመ ልጅ ንባብ እንደጨረሰ ይቈጠር ነበር። ትምህርቱ የሚሰጠው በግዕዝ በመሆኑ ግን አብዛኛው ልጅ የሚያነበውን ሳያስተውል ድምፁን ብቻ ይዞ ይቀር ነበር። ብራና ለማዘጋጀት የሚጠይቀው ድካምና የቁም ጽሕፈት ዝግታም ከዳዊት ሌላ ሁለተኛ መጽሐፍ በየቤቱ እንዳይገኝ ያደርግ ነበር።

ይህ ሲባል ግን የግዕዝ ሥነ ጽሑፍ በዓይነት የተወሰነ ነበር ማለት አይደለም። ከቅዱሳት መጻሕፍትና ከገድላት ሌላ ታሪከ ነገሥት ነበረ፤ ለዳኛ ፍትሐ ነገሥት ነበረ፤ ስለ እንስሳት ጠባይ በምሳሌ የሚያስተምረው ፊሳልጎስ ነበረ፤ ስለ እስክንድር የተጻፈው ዜናም ነበረ። እጨጌ እንባቆም በ16ኛው መቶ ዘመን ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ የመለሱት በራልዓም ወይዋሰፍ በትረካው የሚማርክ መጽሐፍ ነው። በሐረርና በወሎም የእስልምና ሊቃውንት በዐረብኛ ፊደል የጻፉትና ያስጻፉት ብዙ መጽሐፍ ተጠብቆ ቆይቷል። እንግዲህ ችግሩ የመጽሐፍ ዓይነት መጥፋት ሳይሆን፣ ያ ሁሉ ዓይነት በገዳማት፣ በአድባራትና በሊቃውንት ቤት ተወስኖ ከተራው አንባቢ መራቁ ነበር።

2. የማተሚያ መሣሪያና አዲሱ አንባቢ

በ1900 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ሥራውን ጀመረ። በዚያው ዓመት አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ» የተባለውን መጽሐፋቸውን በሮማ አሳተሙ። ጦቢያ የተባለች ልጃገረድ ወንድ መስላ የምትጓዝበት ይህ ድርሰት የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ነው። የዘርፉ መጠሪያም ከርእሱ የተወሰደ ነው። ሆኖም መጽሐፉ ከአገር ውጭ የታተመ ስለነበረና በአገር ውስጥም በአማርኛ የሚያነብ ሰው ገና ጥቂት ስለነበረ፣ ትምህርት ቤቱና ልብ ወለዱ በአንድ ዓመት ቢወለዱም ለመገናኘት ረዥም ጊዜ ወስዶባቸዋል።

ይህ ርቀት መጥበብ የጀመረው የማተሚያ ሥራ በአዲስ አበባ ከተስፋፋ በኋላ ነው። የብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ በዚሁ ስም የሚጠራው ሳምንታዊ ጋዜጣም በታኅሣሥ 1917 ዓ.ም. መውጣት ጀመረ። የዘመኑ አንባቢ ከእንግዲህ ካህኑ ብቻ አልነበረም። የመንግሥት ጸሐፊው፣ ነጋዴው፣ የዘመናዊ ትምህርት ቤት ተማሪውና ስለ ውጭ አገር ለማወቅ የሚጓጓው መኰንን በአንድነት ወደ ንባብ መጡ።

የእነዚህን አንባቢዎች ልዩነት ከማንም አስቀድሞ ያስተዋሉት ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ናቸው ለማለት ይቻላል። በመርሐ ቤቴ ተወልደው በቤተ ክህነት ትምህርት ያደጉት ኅሩይ፣ በ1904 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የሚገኙትን መጻሕፍት ዝርዝር አሳተሙ። በ1920 ዓ.ም. ደግሞ ዝርዝሩን አስፍተው በግዕዝና በአማርኛ የተጻፉትን የሚያሳይ ካታሎግ አወጡ። ምን መጽሐፍ እንዳለ ማወቅ ምን መጽሐፍ እንደጐደለ ለማወቅ የመጀመሪያው ደረጃ ነውና፣ የኅሩይ የድርሰት ሥራ ከዚህ ዝርዝር ጋር ተያይዞ ሊታይ ይገባዋል።

ከዚህ በታች የተጠቀሱትን ሥራዎቻቸውን በአንባቢ ዓይነት ለይተን ብንመለከት ነገሩ ግልጽ ይሆናል። በ1910 ዓ.ም. የወጣው «ለልጅ ምክር ለአባት መታሰቢያ» ወጣቶችን በምክር የሚያስተምር ነው። «የሕይወት ታሪክ» በ1915 ዓ.ም. ወጥቶ ወደፊት የሚነሡ ልጆች የአገራቸውን ሰዎች እንዲያውቁ የታሰበ ነው። በዚያው ዓመት የወጣው «ወዳጄ ልቤ» መንፈሳዊ ንባብ የለመደውን ሰው በምሳሌያዊ ትረካ ወደ አዲሱ የአጻጻፍ ዘዴ ያሸጋግራል። በ1924 ዓ.ም. የወጣው «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» ደግሞ የአገር አስተዳዳሪውንና ስለ ሥልጣኔ የሚያስበውን ሰው የሚመለከት የጉዞ መጽሐፍ ነው። «ሀዲስ ዓለም» በአውሮፓ ተምሮ የተመለሰ ወጣት ከአገሩ ልማድ ጋር የሚያደርገውን ትግል በልብ ወለድ መልክ ያቀርባል። ደራሲው አንድ ናቸው፤ አንባቢዎቹ ግን አንድ አልነበሩም። ጎሐ ጽባሕ የተባለ ማተሚያ ቤት ማቋቋማቸውም መጽሐፍ ከመጻፍ ባሻገር መጽሐፍ ለአንባቢ የሚደርስበትን መንገድ ጭምር ያስቡ እንደነበር ያመለክታል።

ይህ ጅምር በ1928 ዓ.ም. በደረሰው የፋሺስት ኢጣልያ ወረራ ተቋረጠ። ኅሩይም በ1931 ዓ.ም. መጀመሪያ በእንግሊዝ አገር በስደት ላይ ሳሉ ዐረፉ።

3. ከነፃነት በኋላ፦ ትምህርት ቤት፣ ቤተ መጻሕፍትና ልብ ወለድ

ከ1933 ዓ.ም. በኋላ ትምህርት ቤቶች እንደገና ሲከፈቱ የአማርኛ ማንበቢያ መጽሐፍ ጉዳይ በብርቱ ተሰማ። በዚህ ረገድ የከበደ ሚካኤል «ታሪክና ምሳሌ» ልዩ ስፍራ አለው። አጫጭር ታሪኮችንና ተረቶችን በግጥም ያቀረበው ይህ መጽሐፍ በትምህርት ቤት ከመነበቡም በላይ በቃል ተይዞ ወደ ቤት ገብቷል። ልጁ ያነበበውን ለማያነቡት ወላጆቹ ሊነግራቸው ይችል ነበርና። እኚሁ ደራሲ በ1940ዎቹ ዓመታት የሼክስፒርን «ሮሜዎና ዡልዬት» በአማርኛ ሲያቀርቡ፣ «ጃፓን እንደምን ሠለጠነች» የተባለውንም የታሪክ መጽሐፍ አሳተሙ። ልብ ወለዱንና እውነተኛውን ታሪክ ጐን ለጐን የማቅረብ ልማድ በእርሳቸውም ዘንድ ቀጥሏል ማለት ነው። የተክለ ጻድቅ መኩሪያ የታሪክ መጻሕፍትም ለተማሪውም ለአጠቃላይ አንባቢውም አገልግለዋል።

ሚያዝያ 27 ቀን 1936 ዓ.ም. የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በአዲስ አበባ ተከፈተ። ይህም ኋላ «ወመዘክር» እየተባለ የተጠራው ነው። በዚህም መጽሐፍ መግዛት የማይችል ሰው በነፃ የሚያነብበት ስፍራ ተገኘ። ይሁን እንጂ ስፍራው የሚያገለግለው በዋና ከተማ የሚኖረውን ሰው ነበር።

በ1958 ዓ.ም. የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ታተመ። የመጽሐፉን ሥነ ጽሑፋዊ ዋጋ ሌሎች በስፋት ያተቱበት ስለሆነ እዚህ መድገም አያስፈልግም። ለያዝነው ርእስ የሚጠቅመው ነገር በኋላ ጊዜ ተዋናይ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬድዮ በተከታታይ ያነበበው መሆኑ ነው። በዚህ ንባብ አማካይነት ፊደል ያልቈጠረው ገበሬና የቤት እመቤት ሳይቀሩ የአንድ ረዥም ልብ ወለድ ተከታታዮች ሆኑ። ልብ ወለድ ለሥራ ፈት የተተወ ማሳለፊያ ነው የሚለው አስተያየት በአንዳንድ ትምህርት ቤቶች እስከ ዛሬ ይሰማል። ነገር ግን የበዛብህንና የሰብለ ወንጌልን ዕድል ለማወቅ በሬድዮው ዙሪያ ይሰበሰብ የነበረው ሕዝብ ለዚህ አስተያየት በቂ መልስ ነው።

4. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻና የሁለተኛው መጽሐፍ ጥያቄ

ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ። ትምህርቱ ሲጀመር በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በወላይትኛና በሶማልኛ የተሰጠ ሲሆን፣ እየሰፋ ሄዶ በ15 ቋንቋዎች ተሰጥቷል። እ.ኤ.አ. በ1980 በዩኔስኮ አማካይነት የዓለም አቀፍ የንባብ ማኅበር ሽልማት ተሰጥቶታል። ስለ ዘመቻው አፈጻጸምና ስለ ዘመኑ ፖለቲካ ልዩ ልዩ አስተያየት ቢኖርም፣ የመጀመሪያው መጽሐፍ ከዚያ በፊት ደርሶ ወደማያውቅባቸው መንደሮች መድረሱን የሚክድ አይኖርም።

የዘመቻው አዘጋጆች የክትትል ትምህርትን አስፈላጊነት አልዘነጉም። ስለ እርሻ፣ ስለ ጤናና ስለ ቤት አያያዝ የሚያስረዱ አነስተኛ መጻሕፍት ተዘጋጅተው ነበር፤ በየገጠሩም የንባብ ቤቶች ተከፍተዋል። በከተማም ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ብዙ የአማርኛ ልብ ወለዶችን አሳትሟል። በሁለቱ መካከል ግን ሰፊ ክፍተት ነበረ። የከተማው ልብ ወለድ ለአዲሱ የገጠር አንባቢ ረዥምና ከባድ ነበር፤ ለገበሬው የተዘጋጀው ጽሑፍ ደግሞ መምከርና ማዘዝ እንጂ መተረክ የሚቀናው አልነበረም። ፊደል የቈጠረችው እናት ማታ ለልጇ የምታነብለት አጭር ታሪክ፣ ጐልማሳው ሳቅ እያለው የሚጨርሰው ቀላል ትረካ እምብዛም አልተገኘም። ከአማርኛ ውጭ ባሉት ቋንቋዎች ለተማሩትማ ጉድለቱ የባሰ ነበር። ያልተነበበ ፊደል ይረሳልና፣ ከተማሩት ብዙዎቹ ወደ ቀድሞው ሁኔታ ተመልሰዋል።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ በመወሰኑ የመማሪያ መጽሐፍ የሚዘጋጅባቸው ቋንቋዎች በዝተዋል። ያም ሆኖ በ2002 ዓ.ም. በስድስት ቋንቋዎች በተካሄደው የታችኛ ክፍሎች የንባብ ምዘና፣ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ ከቀረበላቸው አጭር ታሪክ አንድ ቃል እንኳ ለማንበብ አልቻሉም። ለዚህ ውጤት ምክንያቱ ብዙ ነው። ሆኖም ከመማሪያ መጽሐፉ በስተቀር የሚነበብ ነገር የማያይ ሕፃን ንባብን ከፈተና ለይቶ ሊያይ አይችልም።

5. ከታሪኩ የሚገኝ መመሪያ

ከላይ ከተዘረዘረው ታሪክ ለመምህራንና ለዕቅድ አውጪዎች የሚጠቅሙ አራት ነጥቦች ይገኛሉ።

አንደኛ፣ የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት መመዘን ያለበት በቅጂ ብዛት ሳይሆን በሚያገለግላቸው አንባቢዎች ዓይነት ነው። አንድን መጽሐፍ በአርባ ቅጂ ከመያዝ አርባ ልዩ ልዩ መጻሕፍትን መያዝ ለነፃ ንባብ ይበጃል። ስለዚህ በመዝገቡ ላይ መጽሐፉ ለየትኛው ዕድሜና ለየትኛው የንባብ ደረጃ እንደሆነ የሚያሳይ ዓምድ ቢጨመር፣ ጉድለቱ ያለ ብዙ ወጪ ይታወቃል። ኅሩይ በ1904 ዓ.ም. የጀመሩት ሥራ በየትምህርት ቤቱ በአንድ ከሰዓት በኋላ ሊሠራ የሚችል ነው።

ሁለተኛ፣ ልብ ወለድና ልብ ወለድ ያልሆነው ሁለቱም ያስፈልጋሉ። አንዱ ልጅ ስለ ንብ እርባታ፣ ስለ ከዋክብት ወይም ስለ ዐድዋ ጦርነት ማንበብ ሲወድ፣ ሌላው ተረትና የጀብዱ ታሪክ ይወዳል። መምህሩ የሚወደውን ዓይነት ብቻ ከመረጠ ከክፍሉ ግማሹን ከንባብ ያስወጣል።

ሦስተኛ፣ መጽሐፍ በማይበቃበት ስፍራ የመምህሩ ድምፅ መጽሐፍ ይሆናል። አንድ ቅጂ ብቻ ቢኖር እንኳ በየቀኑ ዐሥር ደቂቃ ጮክ ተብሎ ቢነበብ ለስልሳ ተማሪ ይበቃል። በመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጆች ውስጥ ጮክ ብሎ የማንበብ ሙያ እንደ አንድ የማስተማር ዘዴ ሊሰጥ የሚገባው ስለዚህ ነው።

አራተኛ፣ የእርዳታ መጽሐፍ ሲመጣ ከመቀበል በፊት መመርመር ያስፈልጋል። ማንም የማያነበው መጽሐፍ መደርደሪያውን ከመያዙም በላይ፣ በሪፖርት ላይ ጉድለቱን ይሸፍናል።

ማጠቃለያ

አባቶቻችን ዳዊትን በብራና ጽፈው በማኅደር እያኖሩ ንባብን ጠብቀው አቈይተውልናል። ከእነርሱ በኋላ የመጡት ደራስያን ደግሞ ለልጁም፣ ለጸሐፊውም፣ ለመኰንኑም የሚሆነውን ለይተው ጻፉ። የዘመቻው ትውልድ ፊደልን ወደ ገጠር አደረሰ። ለዛሬው መምህርና ዕቅድ አውጪ የቀረው ሥራ ፊደል ከደረሰበት ቤት ሁሉ ለአንባቢው የሚስማማ ሁለተኛ መጽሐፍ ማድረስ ነው። ያቺ የአምስተኛ ክፍል ተማሪ የጠየቀችው ብዙ አልነበረም። ቤቷ የሌለ አንድ መጽሐፍ ብቻ ነበር።