የላፍቶ ጓሮ አበባና የወቅቶች ሥርዓት

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ላፍቶ ገና ከከተማዋ ውጭ የነበረ የኦሮሞ ገበሬዎች የእርሻና የግጦሽ ምድር ሲሆን፣ ከተማዋ ወደ ደቡብ ስትሰፋ እርሻው ቀስ በቀስ በአጥር ለተከለሉ ግቢዎች ቦታውን ለቀቀ። በግቢዎቹ ከዓመት ዓመት የሚቆዩት ጽጌረዳ፣ ጤና አዳምና አሪቲ ግን እንደ እህሉ ሁሉ ወቅትን ይከተላሉ፤ ከእናት ተክሉ ተቆርጦ ሥር እንዲያወጣ የሚተከለው ቅርንጫፍ አፈሩ በሰኔ ዝናብ ሲርስ ይተከላል፣ ውሃ በሚያቁር ጥቁር አፈር ላይ ሥሩ እንዳይበሰብስ መደቡ ከፍ ይደረጋል፣ በበጋም ውሃ ማጠጣት ግድ ይሆናል። በዘሩ ራሱን የሚተካው አደይ አበባ ደግሞ ያለ ተካይ በመስከረም ይፈካል። ኮንክሪት በበዛበት በዛሬው ላፍቶ ጥቂት መሬት ለአበባ መተው ይህን የቆየ እውቀት ለልጆች ማውረስ ነው።