የእርምጃ ውድድርና የሚገባው ክብር

«ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው ምሳሌ በአማርኛ ተናጋሪው ሕዝብ ዘንድ ከልጅነት ጀምሮ የሚሰማ ነው። አባቶች ይህን የተናገሩት ትዕግሥትን ለማስተማር እንጂ እርምጃን ከሩጫ ለማበላለጥ አልነበረም። መራመድ ግን ሕፃን ከእናቱ ጭን እንደ ወረደ ያለ አስተማሪ የሚለምደው ተራ ነገር ስለ ሆነ፥ «የእርምጃ ውድድር» የሚባል ስፖርት መኖሩን የሰማ ሰው ብዙ ጊዜ ፈገግ ይላል። ተወዳዳሪዎቹ ክንዳቸውን አጥፈው፥ ወገባቸውን ግራና ቀኝ እያወዛወዙ ሲገሠግሡ ያየ እንደ ሆነ ደግሞ ፈገግታው ወደ ሣቅ ይለወጣል። ተማሪዎችም በትምህርት ቤት ሜዳ ላይ ይህንኑ አካሄድ እየቀዱ መሣሣቃቸው የታወቀ ነው።

እንግዲህ የሚነሣው ጥያቄ ይህ ነው። የሚያስቀው ሁሉ የሚናቅ ነውን? ወይስ ከሣቁ በስተጀርባ መምህራንና የትምህርት ኀላፊዎች ሊያስተውሉት የሚገባ ቁም ነገር አለ? ለዚህ መልስ ለመስጠት አስቀድሞ የውድድሩን ታሪክ መመልከት ያስፈልጋል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

የእርምጃ ውድድር መነሻው በተለይ እንግሊዝ አገር ነው። በ18ኛው መቶ ዓመት በዚያ አገር ባለጸጎች በእግረኞች ጕልበት ላይ ገንዘብ እያስያዙ መወራረድ ይወዱ ነበር። በ1773 ፎስተር ፓወል የተባለ የጠበቃ ጸሐፊ ከሎንዶን ተነሥቶ ዮርክ ከተማ ደርሶ እስኪመለስ 400 ማይል ያህል የሆነውን መንገድ ስድስት ቀን ሳይሞላ በእግሩ ፈጸመ። በ1809 ደግሞ ስኮትላንዳዊው ካፒቴን ሮበርት ባርክሌይ አላርዳይስ በኒውማርኬት 1000 ማይል በ1000 ሰዓት ለመሄድ በ1000 ጊኒ ተወራረደ። ውሉ ሲታይ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን በያንዳንዱ ሰዓት ውስጥ አንድ ማይል መሄድ ግዴታው ስለ ነበረ፥ ከጁን 1 ቀን እስከ ጁላይ 12 ቀን ድረስ አንዲት ሌሊት እንኳ ሙሉ እንቅልፍ ሳይተኛ ውሉን ፈጸመ። በአሜሪካም ኤድዋርድ ፔይሰን ዌስተን የተባለው እግረኛ በ1861 ፕሬዚዳንት አብርሃም ሊንከን ቃለ መሐላ በሚፈጽሙበት ቀን ለመድረስ ከቦስተን እስከ ዋሽንግተን በእግሩ ተጓዘ። ከሥርዐቱ በጥቂት ሰዓት ቢዘገይም ስሙ በአገሩ ሁሉ ተሰማ።

ይሁን እንጂ ስፖርቱ ከቁማር ማዕድ ላይ ማደጉ ለክብሩ እንቅፋት ሆኖበት ቆየ። ከዚህ ነቀፌታ ለመውጣት የጀመረው ገንዘብ ሳይሆን የውድድሩ ክብር የሚፈለግበት ማኅበር በተቋቋመ ጊዜ ነው። በ1866 በእንግሊዝ አገር የአማተር አትሌቶች ሻምፒዮና ሲደረግ የ7 ማይል እርምጃ ከሩጫና ከዝላይ ጋር እኩል ስፍራ ተሰጠው። በ1908 በሎንዶን በተደረገው ኦሎምፒክም የ3500 ሜትርና የ10 ማይል እርምጃዎች ገቡ፤ ሁለቱንም ያሸነፈው ጆርጅ ላርነር የተባለ የብራይተን ከተማ ፖሊስ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ የክብርና የክርክር ታሪክ ነው። በ1920 በአንትወርፕ፥ በ1924 ደግሞ በፓሪስ ኢጣሊያዊው ኡጎ ፍሪጄሪዮ በድምሩ ሦስት የወርቅ ሜዳልያ አገኘ። ነገር ግን በየውድድሩ «እገሌ ሮጠ፤ እገሌ አልሮጠም» የሚለው ጭቅጭቅ ስለ በዛ፥ በ1928 በአምስተርዳም በተደረገው ኦሎምፒክ የእርምጃ ውድድር ጨርሶ ተሰረዘ። በ1932 በሎስ አንጀለስ የ50 ኪሎ ሜትር እርምጃ ሆኖ ሲመለስ ያሸነፈው የ38 ዓመቱ እንግሊዛዊ ቶማስ ግሪን ነበር። ይህ ሰው በሕፃንነቱ አጥንቱ በበሽታ ስለ ተጐዳ እስከ አምስት ዓመቱ መራመድ አይችልም ነበር ይባላል። በ1952 በሄልሲንኪ ደግሞ በ10 ኪሎ ሜትር ውድድር መጨረሻ ላይ ለሁለተኛነት የተፎካከሩት የስዊስና የሶቪየት ተወዳዳሪዎች ሮጡ እንጂ አልተራመዱም ተብሎ ብዙ ተወራ። በሚቀጥለው ኦሎምፒክ የ10 ኪሎ ሜትሩ ቀርቶ በምትኩ የ20 ኪሎ ሜትር እርምጃ ገባ። ሴቶች በኦሎምፒክ ለመራመድ የተፈቀደላቸው በ1992 በባርሴሎና ነው፤ ያን ጊዜ በ10 ኪሎ ሜትር ያሸነፈችው ቻይናዊቷ ቼን ዩዌሊንግ ናት።

ከዚህ ሁሉ ክርክር ውስጥ የወጣው ሕግ ሁለት ቃል ብቻ ነው። አንደኛው፥ ተራማጁ በየትኛውም ጊዜ ከምድር ጋር ያለው ግንኙነት በሰው ዐይን እስኪታይ ድረስ መቋረጥ የለበትም። ሁለተኛው፥ ወደ ፊት የተዘረጋው እግር መሬት ከነካበት ጊዜ ጀምሮ ሰውነቱ ቀጥ ብሎ በላዩ እስኪያልፍ ድረስ ጕልበቱ መታጠፍ የለበትም። ሣቅ የሚያመጣው የወገብ መወዛወዝም የሚመጣው ከዚህ ሕግ ነው። ጕልበት እንዳይታጠፍ፥ እግርም ከምድር እንዳይለቅ ሲታዘዝ፥ እርምጃን ለማስረዘም የቀረው መንገድ የዳሌን አጥንት ማዞር ብቻ ነው። ስለዚህ የሚሥቀው ሰው የሚሥቀው በሕግ አክባሪነት ላይ መሆኑን አላስተዋለም።

በዚህ ስፖርት ላይ የሚቀርበው የመጀመሪያው ነቀፌታ «መፍጠን የሚፈልግ ለምን አይሮጥም?» የሚል ነው። አነጋገሩ ጥሩ ቢመስልም ሥር የለውም። የእግር ኳስ ተጫዋች ኳሱን በእጁ ቢይዝ ወደ ግብ ለማድረስ ይቀልለው ነበር፤ በደረቱ የሚዋኝ ዋናተኛም ስልቱን ቢለውጥ ከዚያ የበለጠ ይፈጥን ነበር። ነገር ግን ጨዋታን ጨዋታ የሚያደርገው ክልከላው ነው። ፍጥነቱም ቢሆን የሚናቅ አይደለም። ጃፓናዊው ዩሱኬ ሱዙኪ በ2015 20 ኪሎ ሜትሩን በ1 ሰዓት ከ16 ደቂቃ ከ36 ሴኮንድ ፈጽሟል። ይህም ማለት እያንዳንዱን ኪሎ ሜትር 4 ደቂቃ ሳይሞላ፥ ያውም ጕልበቱን ሳያጥፍ፥ ሃያ ጊዜ ደጋግሞ መራመድ ነው። ብዙው ጤነኛ ጐልማሳ እየሮጠ እንኳ ጥቂት ኪሎ ሜትር አብሮት ሊዘልቅ አይችልም።

ሁለተኛው ነቀፌታ ከመጀመሪያው የጠነከረ ነው። የፎቶግራፍ መሣሪያ ምስሉን አዘግይቶ ሲያሳይ፥ ፈጣን ተራማጆች ሁለቱም እግሮቻቸው ለቅጽበት ከምድር ሲለቁ ይታያል። «እንግዲያስ ሁሉም ሕግ አፍራሾች ናቸው፤ ዳኛው የሚያየውን ብቻ የሚቀጣ ውድድር እውነተኛ ውድድር አይደለም» የሚሉ አሉ። ይህ ነቀፌታ ሐሰት ነው ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። ዓለም አቀፉ የአትሌቲክስ ማኅበር ራሱ ይህን ዐውቆ፥ ከ1995 ጀምሮ መለኪያው መሣሪያ ሳይሆን የሰው ዐይን መሆኑን በሕጉ ላይ በግልጽ አስፍሯል። ስለዚህ በስውር የሚፈርስ ሕግ የለም፤ ሕጉ ራሱ የሰውን ዐይን ዳኛ አድርጎ ሾሟል።

ዳኝነቱም ለአንድ ሰው ፈቃድ አልተተወም። ዳኞች በመንገዱ ላይ ተራርቀው ይቆማሉ፤ የሚያጠራጥር አካሄድ ያዩ እንደ ሆነ በቢጫ ምልክት ያስጠነቅቃሉ፤ ጥፋቱ ግልጽ ሲሆን ቀይ ካርድ ይጽፋሉ። ተወዳዳሪው የሚወጣው ሦስት ልዩ ልዩ ዳኞች፥ እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ተመልክተው፥ ጥፋተኛ ነው ያሉ እንደ ሆነ ነው። በቅርብ ዓመታት በአንዳንድ ውድድሮች ሦስተኛ ቀይ ካርድ የደረሰበት ሰው ወዲያው ከመውጣት ይልቅ በተወሰነ ስፍራ የቅጣት ጊዜ አሳልፎ እንዲቀጥል የሚፈቅድ ደንብም ገብቷል።

ይህን አሠራር ለመረዳት ከመምህር የሚቀርብ ሰው የለም። የሒሳብ መልስ እንደ ሩጫ ነው፤ ሰዓቱ ወይም ቍጥሩ ራሱ ይፈርዳል። ድርሰት ግን እንደ እርምጃ ነው፤ የሚፈርደው ያነበበው ሰው ዐይንና ኅሊና ነው። አራሚው ሊሳሳት ይችላል ተብሎ የድርሰት ትምህርት ከትምህርት ቤት አልወጣም። የተደረገው ነገር አራሚዎችን ማብዛት፥ መመዘኛውን አስቀድሞ መግለጽ፥ ለአራሚውም ኅሊና ኀላፊነት መስጠት ነው። በእርምጃ ውድድርም የተደረገው ይኸው ነው። በሰው ዳኝነት የሚመዘነውን ሁሉ የናቀ ሰው የገዛ ሙያውን አብሮ እንደሚንቅ ማሰብ ይገባዋል።

የዳኝነቱ ጽናት ምን ያህል እንደሚያስከፍል የሚያሳዩ ሁለት ታሪኮች አሉ። ፖላንዳዊው ሮበርት ኮርዜንዮቭስኪ በ1992 በባርሴሎና የ50 ኪሎ ሜትር ውድድር ሁለተኛ ሆኖ ወደ ስታዲዮሙ ሲቃረብ ከውድድሩ ወጣ። አውስትራሊያዊቷ ጄን ሳቪል ደግሞ በ2000 በገዛ አገሯ በሲድኒ የሴቶቹን 20 ኪሎ ሜትር እየመራች፥ ወገኖቿ በስታዲዮሙ ውስጥ ሊቀበሏት ሲጠባበቁ፥ ከመግቢያው አጠገብ ሦስተኛው ቀይ ካርድ ደረሰባትና እያለቀሰች ወጣች። ሁለቱም ስፖርቱን ጥለው አልሄዱም። ኮርዜንዮቭስኪ አካሄዱን አርሞ ከ1996 እስከ 2004 አራት የኦሎምፒክ ወርቅ ወሰደ፤ ሳቪልም በ2004 በአቴና ሦስተኛ ወጥታ ሜዳልያ ተቀበለች። ተፈርዶበት፥ ፍርዱን ተቀብሎ፥ ራሱን አርሞ የተመለሰ ሰው ምሳሌ ከዚህ የበለጠ ግልጽ ሆኖ የሚታይበት ሜዳ ብዙ አይደለም።

እርግጥ ነው፥ ስፖርቱ ከነውር ንጹሕ አይደለም። በ2015 የኦሎምፒክ ሜዳልያ የነበራቸው አንዳንድ የሩስያ ተራማጆች በተከለከለ መድኃኒት ምክንያት ታግደዋል። ይህ ግን ሩጫንም፥ የብስክሌት ውድድርንም፥ ክብደት ማንሣትንም የነካ ደዌ ስለ ሆነ በእርምጃ ላይ ብቻ የሚለጠፍ ነቀፌታ አይደለም።

ለኢትዮጵያውያን ልብ የሚቀርብ አንድ ታሪክም አለ። በ1960 በሮም ኦሎምፒክ፥ ሴፕቴምበር 10 ቀን አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ማራቶንን አሸንፎ ዓለምን አስደነቀ። ከዚያ ሦስት ቀን ቀደም ብሎ፥ ሴፕቴምበር 7 ቀን፥ በዚያው ከተማ ዶን ቶምሰን የተባለ አጭር እንግሊዛዊ የ50 ኪሎ ሜትሩን እርምጃ በ4 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ከ30 ሴኮንድ አሸንፎ ነበር። ቶምሰን የኢንሹራንስ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበር። በ1956 በሜልበርን ሙቀት አሸንፎት ሳይፈጽም ወድቆ ስለ ነበር፥ ለሮም ፀሐይ የተዘጋጀው በመኖሪያ ቤቱ መታጠቢያ ክፍል ውስጥ ማሞቂያ አኑሮ፥ ውሃ አፍልቶ፥ በእንፋሎቱ መካከል ወፍራም ልብስ ለብሶ ሰውነቱን በማለማመድ ነው። ከ17 ሴኮንድ በኋላ ሁለተኛ የገባው ስዊድናዊ ዮን ዩንግግሬን ደግሞ በ1948 ይህንኑ ውድድር ያሸነፈ የ40 ዓመት ሰው ነበር። የአበበ ድል በሚገባ ሲዘከር ይኖራል፤ ነገር ግን በዚያው ሰሞን ከማራቶን የሚረዝመውን መንገድ የተራመደው ሰው ለሣቅ ብቻ የሚታወስ ከሆነ ሚዛኑ ጐደሎ ነው።

ስፖርቱ ለትንንሽ አገሮች ያስገኘውም ክብር አይረሳም። ኢኳዶር የመጀመሪያውን የኦሎምፒክ ሜዳልያዋን ያገኘችው በ1996 በአትላንታ ጄፈርሰን ፔሬዝ የ20 ኪሎ ሜትሩን እርምጃ ባሸነፈ ጊዜ ነው። ጓቴማላም የመጀመሪያዋን ያገኘችው በ2012 በሎንዶን ኤሪክ ባሮንዶ በዚሁ ውድድር ሁለተኛ ሲወጣ ነው። በምሥራቅ አፍሪካ የሩጫው ዝና እርምጃውን ቢሸፍነውም፥ ኬንያዊው ሳሙኤል ጋቲምባ በ2018፥ የአገሩ ልጅ ኤሚሊ ንጊ ደግሞ በ2022 በኮመንዌልዝ ጨዋታዎች በእርምጃ የነሐስ ሜዳልያ አግኝተዋል። በ2024 በፓሪስ ኦሎምፒክም ኢትዮጵያዊው ምስጋና ዋቁማ በ20 ኪሎ ሜትር እርምጃ ከመጀመሪያዎቹ አሥር ተወዳዳሪዎች መካከል ሆኖ ፈጽሟል። ሩጫ ባከበረ አገር ውስጥ እርምጃን መርጦ በጽናት መለማመድ ራሱን የቻለ ድፍረት ነው።

የክብሩ ጥያቄ የወሬ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ተመልካች ያጣ ውድድር ስፍራውንም ያጣል። የወንዶች 50 ኪሎ ሜትር እርምጃ በኦሎምፒክ ለመጨረሻ ጊዜ የተደረገው በ2021 በጃፓን ሳፖሮ ከተማ ሲሆን፥ በ2024 በፓሪስ በምትኩ ወንድና ሴት የሚቀባበሉት ውድድር ገብቷል። የተናቀ ነገር ቀስ በቀስ ይጠፋል፤ ሲጠፋም አብሮት የሚጠፋ ትምህርት አለ።

ትምህርቱም ይህ ነው። በሩጫ ሜዳ ላይ ተማሪ ያለውን ኀይል ሁሉ እንዲያወጣ ይነገረዋል። በእርምጃ ሜዳ ላይ ግን ኀይሉን ሁሉ እያወጣ ከተወሰነው ሥርዐት እንዳያልፍ ይታዘዛል። ደክሞት ጕልበቱ ሊታጠፍ ሲል፥ ባልንጀራው ሊቀድመው ሲል፥ ዳኛውም ከሩቅ ሳለ፥ የሚጠብቀው የገዛ ኅሊናው ነው። ለዚህ ልምምድ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ የተስተካከለ ሜዳና ሕጉን አጥንቶ የሚያስረዳ መምህር ይበቃል። ከተማሪዎቹም እኩሌታው ሲራመዱ እኩሌታው በዳኝነት ቆመው የባልንጀሮቻቸውን እግር ይመልከቱ። ያን ጊዜ የሚራመደው ፍርድ መቀበልን፥ የሚፈርደውም ያላየውን አየሁ አለማለትን ይማራል። አንድ ሰዓት እንዲህ ካሳለፉ በኋላ በተራማጁ ወገብ ላይ የሚሥቅ ተማሪ ጥቂት እንደሚሆን የታመነ ነው።